ስልከኛዋ ራዶስታና የራቭና ኬላ

የቬስኖርያ ገንዘብ ሚኒስቴር ሕንፃ ድሮ የጨው መጋዘን ነበር። ዝናብ ሲቃረብ ግድግዳው ዛሬም ያልበዋል። ቀለም ቢቀቡት ይላጣል፣ ማስታወቂያ ቢለጥፉበት ይረግፋል። ሚኒስትር ይመጣል፣ ሚኒስትር ይሄዳል፤ ግድግዳው ግን ለማንም አይመለስም። ራዶስታ ቬልኮ በሃያ ሦስት ዓመቷ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ስልከኛ ሆና ስትቀጠር የተሰጣት ክፍል ከትልቁ ደረጃ ሥር ያለችው መስኮት አልባ ጠባብ ክፍል ነበረች። ከራሷ በላይ ቀኑን ሙሉ የሹማምንት ጫማ ይረግጣል። ከጊዜ ብዛት ማን እንደመጣ በእርምጃው ለይታ ታውቅ ጀመር።

በክፍሉ ውስጥ ሁለት ነበሩ። አንዷ እሷ፣ ሌላዋ አለቃዋ ወይዘሮ ብላዥና። ብላዥና ሰፊ ሴት ናት፤ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዋ አድርጋ ከጠረጴዛው ሥር ሹራብ ትሠራለች። ሥራውን ያስተማረቻት በአንድ አረፍተ ነገር ነው፦ «የሚጮኸውን ቶሎ አገናኚው፣ የሚለምነውን ታገሺው፣ የሚያለቅሰውን ለእኔ ስጪኝ።»

የጉምሩክ ኬላዎች ሁሉ በሚኒስቴሩ ሥር ናቸው። አሥራ አንዱም በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተራ በተራ እየደወሉ የዕለቱን ሪፖርት ያስመዘግባሉ። የመጨረሻው ተራ የራቭና በር ኬላ ነው። ራቭና ከጎረቤት አገር ከሎምባራ ጋር የሚያዋስነው ተራራ ጫፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰማይ እንጂ ሌላ የቬስኖርያ መሬት የለም። ራዶስታ በተቀጠረች በሦስተኛው ሳምንት ከዚያ መስመር አንድ የወንድ ድምፅ መጣ፤ ዝግ ያለ፣ ሻካራ፣ በጉሮሮው ውስጥ ሞቅ ያለ ነገር ያለው ድምፅ።

«ራቭና በር። ጋሪ አራት፣ የጭነት መኪና አንድ፣ ቀረጥ ሁለት መቶ አሥር ዝላት፣ በረዶ እስከ ጉልበት።»

«የመጨረሻው ምንድን ነው ያሉኝ?»

«በረዶ።»

«በረዶ የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም ጌታዬ። ቀረጥ ይከፈልበታል እንዴ?»

«ቢከፈልበትማ ወይዘሪት፣ ያንን ላቦት በላቦት የሆነ ሕንፃችሁን በወርቅ ትለብጡት ነበር።»

ራዶስታ ሳታስበው ከት ብላ ሳቀች። ብላዥና ከመነጽሯ በላይ አየቻትና ወደ ሹራቧ ተመለሰች።

ሰውዬው ኦዝረን ካሊና ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በረዶውን ሳይናገር ውሎ አያውቅም፤ በበጋ ደግሞ በረዶው ሲጠፋ ጉሙን፣ ጉሙ ሲገፈፍ የንቦቹን ነገር ይነግራታል። ራዶስታም በቅጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ትጽፈዋለች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው የሒሳብ ሹም አቶ ቲሞቴይ በላጲስ ያጠፋዋል። እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ያጠፋል።

አንድ ጥሪ ከሦስት ደቂቃ እንዳይበልጥ ትእዛዝ ነበር። ሪፖርቱ አንዱን ደቂቃ ይወስዳል፤ የቀሩት ሁለቱ የእነሱ ናቸው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ምን ይወራል ቢባል፣ ብዙ ይወራል። አብሮት ያለው ሉቢን የሚባል ዘበኛ እንዴት እየጮኸ እንደሚዘፍን፣ ተኩላ የበጎቹን በረት እንዴት እንደዞረ፣ ሙሽራ ይዘው ድንበሩን ሊሻገሩ የመጡ ሠርገኞች ለሙሽሪትም ቀረጥ ይከፈልባታል ወይ ብለው እንዴት እንደቀለዱበት ነገራት። እሷም ስለ አባቷ፣ በዚያ ሳምንት በገበያ ስለጠፋው ጎመን፣ ሲሄድ ጫማው እንደ አይጥ ስለሚጮኸው አዲስ ሚኒስትር ነገረችው።

እንዲህ እየሆነ ሁለተኛው ክረምት ገባ። አንድ ቀን ሪፖርቱን እንደጨረሰ፣ «ጉንፋን ይዞሻል?» አላት።

ሁለቱም ደነገጡ። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» እንጂ «አንቺ» ብሏት አያውቅም።

«ይዞዎታል ለማለት ነው» አለ ቶሎ ብሎ።

«ይዞኛል» አለች ራዶስታ፤ ጆሮዋ ድረስ እየቀላች። «አንተስ ደህና ነህ?»

ከዚያ ወዲያ አንተና አንቺ ሆኑ። ፊቱን አታውቀውም። ረጅም ይሁን አጭር፣ ጠጉራም ይሁን በራ አታውቅም። ብቻ ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀጉሯን በእጇ ታስተካክላለች፤ ማን ሊያያት እንደሆነ እሷም አታውቅ።

ይህ ለብላዥና ሳይታያት አልቀረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ነገሩን ሁለቱም ያውቁታል፤ አይነጋገሩበትም እንጂ። ነገር የፈነዳው ያ በላጲስ የሚያጠፋው አቶ ቲሞቴይ ሚስት ልትሆነው ትፈቅድ እንደሆነ በጨዋ ወግ በጠየቃት ጊዜ ነው። ንጹሕ፣ ቁጥብ፣ የራሱ ቤት ያለው ሰው ነበር። ራዶስታ አልፈልግም አለች።

«ለምን?» አለች ብላዥና መርፌዋን ጥላ።

«እንዲያው ነው።»

«እንዲያው አይደለም። አንቺ ሴት ሽቦ ልታገቢ ነው እንዴ? ሽቦ እንጨት ይፈልጣል? ሽቦ ልጅ ይወልዳል?»

«አባቴስ? ማን ይይዘዋል?»

«በአባትሽ አታሳብቢ። ቲሞቴይ አባትሽን ችሎ ይይዘው ነበር። አባትሽ ራሱ ቲሞቴይን ችሎ ባይይዘውም።»

የራዶስታ አባት ሲልቬን የትራም ሾፌር ነበር። በስኳር በሽታ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ የሚያልፈውን ትራም ሁሉ በድምፁ ይተቻል፤ «ይሄኛው ፍሬን አያውቅም፣ ያኛው ሰው ይገድላል» ይላል። እናቷ ከሞተች ቆይታለች። ሌላ ልጅ የለውም።

በስድስተኛው ዓመት ኦዝረን ሁለት ቀን ፈቃድ አገኘ። ለቅዱስ ቬሊን በዓል በጠዋቱ አራት ሰዓት ባቡር ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ታርዳ እንደሚመጣ ነገራት። «በምን ትለይኛለሽ?» አለ። «የበግ አይብ በቀይ ጨርቅ ጠቅልዬ እይዛለሁ።» ራዶስታ ለአንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ አጣች። ሰማያዊ ቀሚስ አሰፋች። የፕለም ኬክ ጋገረች።

በበዓሉ ዕለት ጠዋት በሩን ልትዘጋ ስትል ከኋላዋ የሚወድቅ ነገር ሰማች። አባቷ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ልጁ በዓል ልትውል ስትወጣ በር ድረስ ልሸኛት ብሎ፣ በደረጃው ተንከባልሎ ዳሌውን ሰብሮ ነበር።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አንድ ትልቅ ሰዓት ነበር። ራዶስታ በሰማያዊ ቀሚሷ ከሥሩ ተቀምጣ አራት ሰዓት ሲሆን አየች፣ አምስት ሲሆን አየች፣ ሰባት ሲሆን አየች። አባቷን ከቀዶ ጥገና አውጥተው አልጋ ላይ ሲያስተኙት ቀኑ ወደ አሥር ሰዓት ሆኗል። ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ባቡር ጣቢያው ሮጠች። መድረኩ ባዶ ነው። አንድ ጠራጊ ሰውዬ መጥረጊያውን ተደግፎ ይበላል።

«ጋሼ፣ ቀይ ጨርቅ የያዘ ሰው አላዩም?»

«አይቼዋለሁ እንጂ። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ከዚያ ምሰሶ እዚህ ምሰሶ ሲንጎራደድ ዋለ። የዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር ሲመጣ ተሳፈረ» አለ ሰውዬው፤ እያላመጠ። «አይቡን ለእኔ ሰጠኝ። ምን የመሰለ አይብ መሰለሽ! ቅመሺ።»

ራዶስታ ቆርሶ የሰጣትን ተቀብላ ቀመሰች። ጨው የበዛበት፣ የጢስ ሽታ ያለው ነበር። እየበላች አለቀሰች፤ ጠራጊው ግራ ገብቶት አንዴ አይቡን አንዴ እሷን አየ።

በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ኦዝረን «ገባኝ። አባትሽን እግዜር ይማርልሽ» አለ። ከዚያ፦ «ራቭና በር። መኪና ሦስት፣ ቀረጥ ዘጠና ዝላት።» በዚሁ አበቃ። በረዶ የለም። በሁለተኛውም ቀን የለም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የተራራው ነገር አልተነሣም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ቁጥሩን ጨርሶ ትንሽ ቆየና፣ «በረዶ እስከ ወገብ» አለ። ራዶስታ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ያዘችው።

ይቅር ተባብለዋል። ነገር ግን ኦዝረን ዳግመኛ «ልምጣ» አላለም፤ እሷም ዳግመኛ «ና» አላለችም። እሷ እሱ እስኪጠይቅ፣ እሱ እሷ እስክትጠራው፣ እንዲህ እየተጠባበቁ ስምንት ዓመት አለፈ።

በአሥራ አራተኛው ዓመት ቬስኖርያና ሎምባራ በመካከላቸው ቀረጥ ላይጠያየቁ ተስማሙ። በከተማው ባንዲራ ተሰቀለ፣ ሙዚቀኛ ወጣ፣ በሚኒስቴሩ አዳራሽ ወይን ተጠጣ። በሳምንቱ የጉምሩክ ኃላፊው አቶ ማርሴሊን ወረቀት ይዘው ከደረጃው ሥር ወዳለችው ክፍል ወረዱ።

«የራቭና መንገድ በበረዶ ተዘግቷል፣ ደብዳቤ አይደርስም። ይህን ትእዛዝ በስልክ አንብቢለት። እሱ ቃል በቃል ይድገም። ደንቡ እንደዚያ ነው» አሉና ከኋላዋ ቆሙ።

ራዶስታ ወረቀቱን በዓይኗ ሮጥ ሮጥ አድርጋ አየችው። መስመሩን ሰካች።

«ራቭና በር» አለ ኦዝረን። «ምነው ዛሬ ቸኮልሽ? ገና ስድስት ሰዓት አይደለም እንዴ? በጤናሽ ነው?»

«ትእዛዝ አለ። እኔ አነባለሁ፣ እርስዎ ይደግሙልኛል።»

«እርስዎ» ስትለው ሰው አጠገቧ እንዳለ ይገባዋል ብላ ነበር።

«ለራቭና በር የጉምሩክ ኬላ።»

«ለራቭና በር የጉምሩክ ኬላ።»

«ኬላው ከመጪው ወር መባቻ ጀምሮ እንዲዘጋ።»

በሽቦው ውስጥ የተራራው ንፋስ ተሰማ። ብላዥና ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«እንዲዘጋ» አለ።

«ሠራተኞቹ ኦዝረን ካሊናና ሉቢን ድራግ ጡረታቸው ተከብሮ እንዲሰናበቱ።»

«እንዲሰናበቱ።»

«የስልክ መስመሩ ተነቅሎ ዕቃው ለግምጃ ቤት ገቢ እንዲሆን።»

«የስልክ መስመሩ…» አለ ኦዝረን።

«ደገመ?» አሉ አቶ ማርሴሊን።

«ደግሟል» አለች ራዶስታ። በሚኒስቴሩ ውስጥ የዋሸችው ውሸት ያ ብቻ ነው።

የወሩ መባቻ ገና አሥር ቀን ቀርቶት ስለነበር፣ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ኃላፊው በማይኖርበት ጊዜ ሁሉን እነግረዋለሁ ብላ አሰበች። ምን እንደምትል ቃል በቃል አዘጋጀች፤ ከሁለት ደቂቃ እንዳይበልጥ እንኳ ሰዓት ይዛ ለካችው። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አሥር ኬላ ደወለ። አሥራ አንደኛው አልደወለም። እሷ ብትደውል መስመሩ እንደ ድንጋይ ዝም አለ። ሽቦውን የጣለው የበረዶ ናዳ ነበር፤ ሊነቀል ለተወሰነበት መስመር ደግሞ ጠጋኝ የሚልክ አልተገኘም።

ደብዳቤ ጻፈች። «ለኦዝረን ካሊና፣ ራቭና በር» ብላ ላከችው። ከሁለት ወር በኋላ «ኬላው ተዘግቷል» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰ። የትውልድ መንደሩን ስም ጠይቃው አታውቅም። አሥራ አራት ዓመት የንቡን፣ የተኩላውን፣ የጓደኛውን ዘፈን ስትሰማ ኖራ፣ ደብዳቤ የሚላክበትን አንድ ነገር አታውቅም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያለ ስልከኛ በራሱ የሚያገናኝ ማሽን ገባ። ብላዥና ጡረታ ወጣች፤ ራዶስታን ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯት። ከመዛወሯ በፊት ግን አንድ ቴክኒሻን መጣና ቢሮው ዝግ ሲሆን ለሚደውሉ ሰዎች መልስ የሚሰጥ ድምፅ እንደሚያስፈልግ ነገራት።

«ለሺህ ሰው የምትናገሪ መስሎሽ እንዳትጮኺ» አላት ማይክሮፎኑን አስጠግቶ። «ለአንድ ሰው ተናገሪ። የምታውቂውን አንድ ሰው አስቢ።»

ራዶስታ አሰበች። ከዚያ፣ «የገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ቢሮው አሁን ዝግ ነው። እባክዎ ሰኞ ይደውሉ» አለች። ቴክኒሻኑ መልሶ አዳመጠና፣ «መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ገብቶበታል፤ ግድ የለም፣ ያምርበታል» አለ።

አባቷ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ። ሊሞት ሰሞን አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ አስሬ አስቀረሁሽ አይደል?» አላት።

«አባዬ፣ ሾርባህ ይቀዘቅዛል» አለችው።

አርባ አምስት ዓመት ሆኗታል። በግንቦት ወር የሐዘን ልብሷን አውልቃ፣ ፈቃድ ጠይቃ፣ ወደ ራቭና የሚወስደውን አውቶብስ ተሳፈረች። የአውቶብሱ መንገድ የሚያልቀው ከተራራው ሥር ባለች አንዲት መንደር ነው። ፖስታ ቤት ገባች። ቀይ ጉንጭ ያላት፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ደብዳቤ ላይ ማኅተም ትመታለች።

«ይቅርታ እመቤት፣ ኦዝረን ካሊና የሚባል ሰው በዚህ አካባቢ ይታወቃል?»

የሴትዮዋ እጅ ማኅተሙን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

«እስቲ ድገሚው።»

«ኦዝረን ካሊና…»

«እሱን አይደለም። እስቲ "እባክዎ ሰኞ ይደውሉ" በይ።»

ሴትዮዋ ማኅተሙን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ፔትሩሻ እባላለሁ። ሚስቱ ነኝ» አለች። «ቁጭ በይ፣ አትደንግጪ፣ አልነክስሽም። የመጀመሪያ ባሌ ሞቶ ሁለት ሴት ልጆች ይዤ እዚህ ስሠራ፣ ይሄ ሰውዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት እየመጣ ሚኒስቴር ይደውላል። መጀመሪያ ስለ ጡረታው ሊጠይቅ ነበር። አዳምጦ ይዘጋል። "ቅዳሜ ዝግ ነው፣ ሰኞ ናልኝ" ብለው፣ "አይ፣ ቅዳሜ ይሻለኛል" አለኝ። ዝግ ቢሮ እየደወለ የሚከፍል ሰው አይቼ አላውቅም፤ አሳዘነኝ። ሻይ ሰጠሁት። በኋላ ባል ሆነ። አሁን በነጻ ያዳምጣል።»

«እኔ… ለክፉ አልመጣሁም።»

«አውቃለሁ። ለክፉ የሚመጣ ሰው እንዲህ አይገረጣም።»

ኦዝረን ከቀፎዎቹ ዘንድ ተጠርቶ መጣ። አጭር ነበር። ጆሮዎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያሽከረክረዋል። ፔትሩሻ «ሾርባ ልጣድ» ብላ ገብታ በሩን ዘጋችው። ሁለቱ ደጅ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ተያዩ። ይህ ባዳ ፊት፣ ይህች ባዳ ሴት፤ አንዱ ሳል ሲል ሌላው ይስላል። ቆይቶ ኦዝረን ፊቱን ወደ ተራራው አዞረና ዓይኑን ጨፈነ።

«እስቲ አሁን ተናገሪ» አለ።

«ምን ልበል?»

«ያን ትእዛዝ ስታነቢ ድምፅሽ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። "እርስዎ" አልሽኝ።»

«ኃላፊው ከኋላዬ ቆመው ነበር።»

«ከኋላሽ ቆመው ነበር» አለ ለራሱ። «ስምንት ዓመት ሙሉ ይቺ አንዲት ነገር አልመጣችልኝም። ሞኝ።»

«እኔስ ብሆን? ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ና ብልህ ምን ነበረበት?»

«እመጣ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ንቦቹ ከግራር አበባው ላይ ይንጫጫሉ። ራዶስታ፣ «ኑሮህ ደህና ነው?» አለችው።

«ፔትሩሻ የወርቅ ሴት ናት። ልጆቹም አባባ ይሉኛል። ደህና ነኝ፤ በውነት ደህና ነኝ።» ባርኔጣውን ማሽከርከሩን ተወ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ትንሽ ይከፋኛል። እሱንም ወድጄው ነው።»

ሾርባውን አብረው በሉ። ታናሽየዋ ልጅ የእንግዳዋን ቀለበት አልባ ጣት እየነካካች ስንት ልጅ እንዳላት ጠየቀቻት፤ እናቷ በዓይኗ ገሰጸቻት። አውቶብሱ ሲደርስ ኦዝረን ከበሩ ወዲህ አልወጣም። የሸኘቻት ፔትሩሻ ናት። አንድ ማሰሮ ማር አሳቀፈቻት።

«ድምፅሽን አልነፍገውም» አለቻት በዝግታ። «እሱ ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ነው። አንቺ ግን እኅቴ፣ ሁለተኛ አትምጪብኝ።»

«አልመጣም» አለች ራዶስታ። አልመጣችምም።

በዚያ ዓመት መጨረሻ አዲስ ዳይሬክተር ተሾመ። ወጣት፣ ነገር መለወጥ የሚወድ ሰው ነው። የስልኩ መልስ አርጅቷል፣ ከሬዲዮ አንዲት ልጅ አስመጥተን ሙዚቃ ያለው እናስቀርጽ አለ። ወሬው መዝገብ ቤት ደረሰ። በሃያ ሦስት ዓመት አገልግሎት ደመወዝ ጨምሩልኝ እንኳ ብላ የማታውቀው ራዶስታ ትልቁን ደረጃ ወጥታ የዳይሬክተሩን በር አንኳኳች።

«ጌታዬ፣ አንድ ልመና አለኝ። የስልኩን ድምፅ እባክዎ አይቀይሩት።»

«ለምን?» አለ ሰውዬው ተገርሞ። «ክፍያ አለው እንዴ?»

«የለውም።»

«ታዲያ?»

«የለመዱት ሰዎች አሉ» አለች።

ዳይሬክተሩ የበሩን ጠርዝ አጥብቆ የያዘውን እጇን አየ። ነገሩ አልገባውም፤ ብቻ ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አደረገና «እሺ ይቆይ» አለ።

ድምፁ እስካሁን እዚያው አለ። ራዶስታ ጡረታ ወጥታለች፤ የምትኖረው በአባቷ ቤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ታጥባለች። ወደ አራት ሰዓት ግድም ሲሆን እጇን ከሳሙናው ውኃ ታወጣለች፣ በቀሚሷ ትጠርጋለች፣ እንደ መቆም ትላለች። የሚጠራ ስልክ በቤቷ የለም። ጥቂት ትቆያለች፤ የአንድ ጥሪ ያህል። ከዚያ እጅጌዋን ትሰበስብና ወደ ልብሷ ትመለሳለች።